የክሪሚኖሎጂ ኢሴይ ፈተናን በምን እንረም? አምስት የእርማት ዘዴዎች ሲነጻጸሩ

አራት ሴክሽን፣ በየሴክሽኑ ሃምሳ ተማሪ፣ በየወረቀቱ ሦስት የኢሴይ ጥያቄ። ለአንድ መልስ አራት ደቂቃ ቢመደብ ድምሩ 2,400 ደቂቃ፣ ማለትም 40 ሰዓት ይመጣል። የግሬድ ማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ ብዙ መምህር ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ ከላይኛው ወረቀት ይጀምርና ዘዴውን መንገድ ላይ ይፈልጋል። ሃያኛው ወረቀት ላይ ሲደርስ የያዘው መለኪያ የመጀመሪያውን ያረመበት መለኪያ አይደለም። ይህን ግን አያውቀውም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 ስታርችና ኢሊዮት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሁለት ተማሪዎችን የእንግሊዝኛ ፈተና አባዝተው ለብዙ ትምህርት ቤቶች መምህራን ላኩ። ለአንዱና ለዚያው ወረቀት የተለያዩ መምህራን ከ100 የሰጡት ውጤት ከ30 ነጥብ በላይ ተራራቀ። «ቋንቋ ስለሆነ ነው» የሚል እንዳይኖር በዓመቱ የጂኦሜትሪ ወረቀት ሲልኩ ልዩነቱ ጭራሽ ባሰ።

ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አምስት መንገዶች ናቸው፦ በጥቅሉ መፍረድ፣ የመልስ ቁልፍ፣ ሩብሪክ፣ የቁልፍና የሩብሪክ ቅይጥ፣ እንዲሁም ወረቀትን ከወረቀት ጋር ማወዳደር። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም አጭር ቃል አለ።

መመዘኛዎቹ

ዘዴ ከመምረጥ በፊት ከዘዴው ምን እንደሚፈለግ መለየት ይቀድማል። የመጀመሪያው ወጥነት ነው፤ ያው መልስ ሰኞ ጠዋትም ሐሙስ ማታም፣ በአቶ እገሌም በወይዘሮ እገሊትም እጅ ተቀራራቢ ማርክ ማግኘት አለበት። ሁለተኛው፣ ማርኩ የሚሄደው ኮርሱ ሊያስተምር ላሰበው ነገር ነው ወይስ ለሌላ? የክሪሚኖሎጂ (የወንጀል ጥናት) ኮርስ ዓላማ የንድፈ ሐሳብ አባቶችን ስምና ዓመት ማስሸምደድ ካልሆነ፣ ማርኩም እዚያ መከማቸት የለበትም። ከዚያ ጊዜ ይመጣል። ቀጥሎ ቅሬታ፦ ተማሪ «ለምን 7 ሆነ?» ብሎ ሲመጣ የሚያሳዩት ነገር አለ? በመጨረሻ፣ ተማሪው ወረቀቱን ሲያይ የት እንደሳተ ይገባዋል? ለፋይናል ይህ የመጨረሻው እምብዛም አያስጨንቅም፤ ወረቀቱን ብዙዎቹ አያዩትም። ለሚድ ፈተና ግን ዋናው እሱ ነው።

መፈተኛ የሚሆን አንድ ጥያቄ

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ጥያቄ እንያዝ፣ 15 ማርክ የሚያዝበት፦

«እንደ መርካቶ ባለ የተጨናነቀ ገበያ የሚፈጸምን የሞባይል ቅሚያ በመርተን የስትሬይን (የጫና) ንድፈ ሐሳብ እና በኮኸንና ፌልሰን የሩቲን አክቲቪቲ (የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ) ንድፈ ሐሳብ አብራራ/ሪ። ለመከላከል ሥራ የተሻለ መነሻ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ ከነምክንያቱ ጻፍ/ፊ።»

ሁለት መልሶችን ለምሳሌ እናስብ። ተማሪ «ሀ» መርተንን ከነዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. 1938፣ ጠቅሶ ባህሉ በሚያስመኘው ግብና ሕጋዊ በሆነው መንገድ መካከል ያለውን ክፍተት በትክክል ጻፈ፤ ሰዎች ለክፍተቱ ምላሽ የሚሰጡባቸውን አምስት የመላመድ ዓይነቶች አንድ ሳያስቀር ዘረዘረ። ኮኸንና ፌልሰንን ከዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. 1979፣ ጋር አስቀምጦ ሦስቱን አካላት፣ ማለትም ለወንጀል የተነሣሣ ሰው፣ ተስማሚ ዒላማና ብቁ ጠባቂ አለመኖር፣ ቆጠረ። ስለ ገበያው ግን የጻፈው «በመርካቶ ሕዝብ ስለሚበዛ ይህ በግልጽ ይታያል» የሚል አንድ መስመር ነው። መደምደሚያው «ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው» ይላል።

ተማሪ «ለ» ዓመት አልጻፈችም፣ ኮኸንና ፌልሰንንም በስም አልጠራችም። ከአምስቱ የመላመድ ዓይነቶች ያነሣችው «ፈጠራ» የሚባለውን ብቻ ነው። ነገር ግን ቀማኛው ግቡን፣ ማለትም ገንዘብና ክብርን፣ እንደማንም ሰው እንደተቀበለ፣ የጎደለው ሕጋዊ መንገዱ እንደሆነ አስረዳች። ስልኩን በእጁ ይዞ ዋጋ የሚከራከር ገዢ ለምን ቀላል ዒላማ እንደሚሆን፣ ጭነት በሚራገፍበት ሰዓት ሰው ቢበዛም ሁሉም ዓይኑ በራሱ ዕቃ ላይ ስለሆነ ለምን ጠባቂ እንደሌለ አሳየች። ከዚያም መርተን ማን ሊነሣሣ እንደሚችል ቢነግረንም ለምን እዚህ ጥግ፣ ለምን በዚህ ሰዓት የሚለውን እንደማይመልስ ጽፋ ለአጭር ጊዜ መከላከል ሩቲን አክቲቪቲን መረጠች፤ ቅሚያው ወደ ቀጣዩ መንገድ ሊዛወር እንደሚችልም አልረሳችም።

ማን ይበልጣል? መልሱ እንደ ዘዴው ይለያያል።

በጥቅሉ መፍረድ

መልሱን አንብቦ አንድ ማርክ መስጠት ነው። ለሁለት ገጽ መልስ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከሁሉ ፈጣኑ ነው። በጉዳዩ የበሰለ መምህር «ለ» የምትሻል መሆኗን በአንድ ንባብ ይለያል። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። «ለ» የተነበበችው ከአንድ ድንቅ ወረቀት ቀጥሎ ከሆነ 10 ልታገኝ ትችላለች፤ ከሦስት ባዶ ወረቀቶች በኋላ ከሆነ 14። የእጅ ጽሑፍ ውበት፣ የመልሱ ርዝመት፣ ቀደም ሲል የታየው የአንደኛው ጥያቄ ማርክ፣ ሁሉም ሳይታወቅ ይገባል። ቅሬታ ከመጣ ደግሞ የሚቀርበው መከላከያ «እኔ አንብቤ የፈረድኩት ነው» ብቻ ነው። ለሃያ ሰው የማስተርስ ሴሚናር ይሁን፤ ለሁለት መቶ የመጀመሪያ ዲግሪ ወረቀት ግን አይመከርም።

የመልስ ቁልፍ

ብዙ ትምህርት ክፍል የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ከፈተናው ጋር ተያይዞ የሚገባ፣ ነጥብ በነጥብ የተከፋፈለ። በተለምዶ የሚጻፈው ቁልፍ ይህን ይመስላል፦ የመርተን ስምና ዓመት 1፣ የግብና የመንገድ ክፍተት 2፣ አምስቱ የመላመድ ዓይነቶች ለእያንዳንዱ 0.5፣ የኮኸንና ፌልሰን ስምና ዓመት 1፣ ሦስቱ አካላት 3፣ ከገበያው ጋር ማዛመድ 3.5፣ ምርጫ ከነምክንያቱ 2። ድምር 15።

በዚህ ቁልፍ «ሀ» 1 + 2 + 2.5 + 1 + 3 ያገኛል፣ ለዚያች አንድ መስመር 0.5፣ ለመደምደሚያው ተጨንቀው 0.5 ቢሰጡት 10.5 ይሆናል። «ለ» ደግሞ ለመርተን ስም 0.5፣ ለክፍተቱ 2፣ ለአንዱ ዓይነት 0.5፣ ለኮኸንና ፌልሰን ስም 0፣ የተነሣሣውን ሰው እንደ አካል ለይታ ስላልጠራች 2፣ ለማዛመድ 3፣ ለምርጫ 2፤ ድምር 10። የሸመደደው ያሰበችውን በግማሽ ማርክ በለጠ።

ይህ የቁልፍ ጥፋት ሳይሆን የክፍፍሉ ጥፋት ነው፤ ቁልፍ ሲጻፍ ለመቁጠር የሚመች ነገር ማርክ ይስባል። ዓመት ይቆጠራል፣ ዝርዝር ይቆጠራል፣ ማመዛዘን ግን አይቆጠርም። በሌላ በኩል ወጥነቱ ከፍተኛ ነው፣ ረዳት መምህርም ሊያርምበት ይችላል፣ ለቅሬታም ጠንካራ ነው። «ዘርዝር»፣ «ተርጉም»፣ «ልዩነቱን ጻፍ» ለሚሉ አጭር ጥያቄዎች ከቁልፍ የሚሻል የለም። ቁልፍ የጠበበ እንዳይሆን ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ማረም ከመጀመሩ በፊት አሥር ወረቀት ሳያርሙ ማንበብና ትክክል ሆኖ በቁልፉ ያልታሰበ መልስ ካለ መጨመር። ይህን ስልሳኛው ወረቀት ላይ ካደረጉት ወደ ኋላ ተመልሰው ሃምሳ ዘጠኙን ማየት ግድ ይሆናል።

ሩብሪክ

ሩብሪክ መመዘኛዎችን በረድፍ፣ የብቃት ደረጃዎችን በዓምድ ያስቀምጣል። ለጥያቄያችን ንድፈ ሐሳቡን መረዳት 5፣ ከጉዳዩ ጋር ማዛመድ 5፣ ማወዳደርና መፍረድ 3፣ አደረጃጀት 2 እንበል። «ሀ» 5 + 1 + 0 + 2 = 8፣ «ለ» 4 + 5 + 3 + 1 = 13። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፣ ልዩነቱም ሰፋ።

የሩብሪክ መውደቂያ ቃላቱ ናቸው። «በጣም ጥሩ ማዛመድ» እና «ጥሩ ማዛመድ» ብሎ መጻፍ በጥቅሉ ከመፍረድ የሚለየው ሠንጠረዥ ስላለው ብቻ ነው። ደረጃው በወረቀቱ ላይ በዓይን በሚታይ ነገር መገለጽ አለበት። ሁለተኛው ችግር ድርብ ቅጣት ነው፦ ንድፈ ሐሳቡን ያሳሳተ ተማሪ በመረዳትም፣ በማዛመድም፣ በማወዳደርም ይቀጣል። ስህተቱ አንዴ ይቀጣ፤ ከዚያ በኋላ በተሳሳተው ትርጉም ላይ በወጥነት የተገነባ ማዛመድ ካለ ቢያንስ ግማሹ ይሰጠው።

«አደረጃጀት» የሚለው ረድፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ችሎታ መቅጫ ሆኖ ያርፋል። ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ የተማሪው አስተሳሰብ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ በሆነበት ክፍል ሰዋስው ትርጉም እስካላጠፋ ድረስ ማርክ ባይነካ ይሻላል። ረድፉን ጨርሶ ማውጣትም ይቻላል፤ የሚጎድል ነገር የለም።

ቅይጡ

ቁልፍ የሚችለውን ለቁልፍ፣ ሩብሪክ የሚችለውን ለሩብሪክ መስጠት ነው። ለዚህ ጥያቄ 5 ማርክ በቁልፍ፦ የግብና የመንገድ ክፍተት 2፣ ሦስቱ አካላት 3። ዓመትና ሙሉ ዝርዝር ስላልተጠየቀ ማርክ የለውም። ቀሪው 10 በሁለት ረድፍ፦

ማዛመድ፣ 6። ከሁለቱም ንድፈ ሐሳቦች ቢያንስ አንድ አንድ ክፍል ከገበያው የተለየ ዝርዝር (ሰዓት፣ ቦታ፣ የሰው ድርጊት) ጋር ተያይዞ «እንዴት» የሚለው ከተብራራ 6። ይህ የተደረገው ለአንዱ ብቻ ከሆነ 4። ዝርዝር ተጠቅሶ ከንድፈ ሐሳቡ ክፍል ጋር ካልተያያዘ 2። ስሙ ብቻ ከተጠራ 0።

ፍርድ፣ 4። ምርጫው ከተቀናቃኙ ድክመት ጋር ተነጻጽሮ ምክንያት ከቀረበለት 4፣ ምርጫና ምክንያት ኖሮ ንጽጽር ከሌለ 2፣ «ሁለቱም» ከተባለና ምክንያት ከሌለ 0። ምክንያት ያለው «ሁለቱም» ግን 4 ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ በጽሑፍ ካልተቀመጠ አራሚዎች ይለያዩበታል።

«ሀ» 5 + 2 + 0 = 7፤ «ለ» 4 + 6 + 4 = 14። በመካከል ደረጃ አለመኖሩ፣ ማለትም 3 ወይም 5 አለመሰጠቱ፣ ሆን ተብሎ ነው፤ አራሚው በግማሽ ማርክ ላይ የሚያባክነውን ጊዜ ያስቀራል።

ወረቀትን ከወረቀት ጋር ማወዳደር

መሠረቱ ተርስቶን እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረበው የንጽጽር ፍርድ ሐሳብ ነው። አራሚው ማርክ አይሰጥም፤ ሁለት ወረቀት ይቀርቡለትና የተሻለውን ይመርጣል። ከብዙ ምርጫዎች ኮምፒውተሩ ደረጃ ያወጣል። ሰው «ይህ ስንት ነው?» ከሚለው ይልቅ «የትኛው ይሻላል?» የሚለውን በወጥነት ስለሚመልስ ለረጅም ጽሑፍ ጠቃሚ ነው። ሒሳቡን ግን ይመልከቱ፦ 200 ወረቀት እያንዳንዳቸው አሥር ጊዜ ቢታዩ 1,000 ንጽጽር ይሆናል፣ ያውም ለአንድ ጥያቄ። በእጅ የተጻፈው ሁሉ ስካን መደረግ አለበት፤ ሶፍትዌርና ብዙ አራሚም ይፈልጋል። የሚወጣውም ተራ እንጂ ማርክ ስላልሆነ ጥቂት ወረቀቶችን በሩብሪክ አርሞ መልህቅ (ተራውን ወደ ማርክ መቀየሪያ) ማድረግ የግድ ነው። አምስት መምህራን ባሉበት የጋራ ኮርስ ይታሰብ፤ ለአንድ መምህር አይሆንም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት? በእጅ የተጻፈ ወረቀት መተየብ ወይም በደንብ መነበብ አለበት፣ የተማሪ ሥራም ስምና መለያ ቁጥሩ ሳይነሣ ወደ ውጭ አገልግሎት መላክ የለበትም። ለሩብሪክ ረቂቅ ወይም በእጅ ለታረመ ጥቂት ወረቀት ማነጻጸሪያ ይጠቀሙበት። የመጨረሻውን ማርክ የሚሰጠው ግን ፊርማው ያለበት መምህር ነው፤ ቅሬታ ሰሚው ፊት የሚቀርበውም እሱ ነው።

በአንድ እይታ

| ዘዴ | ወጥነት | ማሰብን መለካት | ለአንድ መልስ ጊዜ (ግምት) | ለቅሬታ |
|---|---|---|---|---|
| በጥቅሉ | ዝቅተኛ | በአራሚው ይወሰናል | 2 ደቂቃ | ደካማ |
| ቁልፍ | ከፍተኛ | ደካማ | 3 ደቂቃ | ጠንካራ |
| ሩብሪክ | መካከለኛ፣ ቃላቱ ከጠሩ ከፍተኛ | ጥሩ | 5 ደቂቃ | ጥሩ |
| ቅይጥ | ከፍተኛ | ጥሩ | 4 ደቂቃ | ጠንካራ |
| ማወዳደር | ብዙ አራሚ ካለ ከፍተኛ | ጥሩ | በንጽጽሩ ብዛት | ለማስረዳት ያስቸግራል |

ዘዴው የትኛውም ይሁን፣ አስቀድሞ የሚወሰኑ ስህተቶች

ክሪሚኖሎጂ ውስጥ ተማሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች በየዓመቱ ያው ናቸው። ማርካቸው ከእርማት በፊት ካልተወሰነ አንዱ አራሚ ሙሉ ሲሰጥ ሌላው ዜሮ ይሰጣል።

«ድህነት ወንጀል ያመጣል» የመርተን ሐሳብ አይደለም። የመርተን ነገር ክፍተቱ ነው፤ ሁሉም የሚመኘው ግብ በሌለበት ድህነት ብቻውን ስትሬይን አይፈጥርም። ክፍተቱ ካልተጠቀሰ ከ2ቱ 0.5 ይበቃል። መርተንንና እ.ኤ.አ. በ1992 የመጣውን የአግኒውን ሰፋ ያለ ስትሬይን የቀላቀለ መልስም ብዙ ነው። ንዴትና ክፉ አጋጣሚ ካነሣ አግኒው ነው፤ ጥያቄው መርተንን ካለ ማርክ የለውም፣ «ስትሬይን» ብቻ ካለ ግን ይሰጠዋል። ስለዚህ ጥያቄው ስም ይጥራ።

በሩቲን አክቲቪቲ ጠባቂን ፖሊስ ብቻ አድርጎ መጻፍ በብዛት የሚታይ ነው። ጎረቤት፣ የሱቅ ባለቤት፣ አብሮ የሚሄድ ጓደኛም ጠባቂ ነው። ፖሊስን ብቻ ለጻፈ ለዚያ አካል ከተያዘው 1 ማርክ ግማሹ ይበቃል።

ሰው ወንጀልን ከሌሎች ይማራል የሚለውን የሰዘርላንድን ሐሳብ «ከመጥፎ ጓደኛ ጋር መዋል» ብሎ ማሳጠር ደግሞ ጎጂ ነው፤ የሱ ክርክር ሰው ወንጀለኛ የሚሆነው ሕግ መጣስን የሚደግፉ ትርጓሜዎች ከሚቃወሙት ሲበልጡበት ነው። ሂርሺ ላይ ጥያቄው ራሱ ይገለበጣል፤ የሚጠይቀው ሰው ለምን ወንጀል እንደማይሠራ ነው። ሰውን ከማኅበረሰቡ ጋር የሚያያይዙትን አራት ትስስሮች ጠርቶ ይህን የሳተ ተማሪ ዝርዝሩን እንጂ ሐሳቡን አልያዘም። በሌብሊንግ (ሰውን «ወንጀለኛ» ብሎ ስም ማውጣት ምን እንደሚያስከትል በሚያወሳው ንድፈ ሐሳብ) ደግሞ ስም ማውጣቱ የመጀመሪያውን ጥፋት እንደሚያመጣ የሚጽፍ ተማሪ ለመርት የለየውን ቀዳማዊ (ስም ከመውጣቱ በፊት ያለውን) እና ዳግማዊ (ስም ከወጣ በኋላ የሚመጣውን) ማፈንገጥ ቀላቅሏል።

የሕግ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሌላ ነገር ይመጣል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ስርቆትን፣ አንቀጽ 670 ውንብድናን ጠቅሶ ቅሚያው የትኛው እንደሆነ ገጽ ሙሉ የሚከራከር መልስ። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ግን የወንጀል ሕግ ፈተና መልስ ነው። ባለው ውበት ተስቦ ማርክ መስጠት የሌላውን ተማሪ ማርክ መውሰድ ነው።

ለማን የትኛው?

ከአርባ የማይበልጥ ወረቀት ያለው አንድ መምህር ሙሉ ሩብሪክ ይጠቀም፤ ጊዜውን ይችለዋል፣ ተማሪውም የሚማርበት አስተያየት ያገኛል። ሁለት መቶ ወረቀትና አንድ ሳምንት ያለው ቅይጡን ይያዝ። ለመጨረሻው ሰዓት የደረሰና ፈተናውን ገና ያልጻፈ መምህር ከሆነ ደግሞ የሚቆጥበው ጥያቄው ላይ ነው፦ ሦስት ረጅም ኢሴይ ከማውጣት አንድ ረጅምና አራት አጭር ያውጣ፣ አጭሮቹን በቁልፍ ይረም። «ከአምስቱ ሦስቱን ምረጥ» ግን አይመከርም፤ ጥያቄዎቹ እኩል ስለማይከብዱ ተማሪዎቹ የተፈተኑት የተለያየ ፈተና ይሆናል።

ሁለት ወይም ሦስት መምህራን የጋራ ፈተና የሚያርሙ ከሆነ ክፍል ተካፍለው ከማረም ጥያቄ ተካፍለው ይረሙ፤ አንዱ ጨካኝ ቢሆን ጭካኔው ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ከመጀመራቸው በፊት ያንኑ አሥር ወረቀት ለየብቻ አርመው ያስተያዩ። ከ15ቱ ማርክ ልዩነቱ እስከ 2 ከሆነ አማካዩ ይያዝ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቁጭ ብለው ሩብሪኩን ያስተካክሉ።

በጀት የማይጠይቁ ጥንቃቄዎችም አሉ። ስም ያለበት ሽፋን ወደ ኋላ ይታጠፍ። የሁሉም ወረቀት አንደኛ ጥያቄ ሳያልቅ ወደ ሁለተኛው አይታለፍ፤ ሲታለፍም ክምሩ ይበወዝ፣ አለዚያ ከታች ያለው ሁልጊዜ የደከመ ዓይን ይደርሰዋል። ማርኩ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን በተለየ ሉህ ይጻፍ። ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹን አሥር የቀድሞውን ሳያዩ ደግመው ይረሙ። አማካዩ ከ1 ማርክ በላይ ከወጣ ወይም ከወረደ መለኪያው ተንሸራቷልና የመጀመሪያው አጋማሽ ይደገማል። ፊደል በሚለወጥበት ድንበር ላይ አንድ ማርክ ጎድሏቸው የቆሙትን ደግሞ ግሬድ ከመግባቱ በፊት ሁሉንም አንድ ላይ እንደገና ያንብቡ፤ የሚያውቁትን ተማሪ ብቻ መርጦ ማየት አይሆንም።

ቅሬታ ሲመጣ ወረቀቱን ለሚያየው ሁለተኛ አራሚ የሚሰጡት ሦስት ነገር ነው፦ ጥያቄው፣ የቁልፍና ሩብሪኩ ቅጂ፣ ማርኩ ያልተጻፈበት የመልስ ወረቀት። የቀድሞውን ማርክ አይቶ የሚያርም ሰው ብዙ ጊዜ እሱኑ ያጸድቃል።